የግልባጭ ቤት በሮች

ስሟ ቢነገርም ባይነገርም ለውጥ የሌላት አንዲት አገር ነበረች። ከፀሐይ መውጫ የመጣ እንግዳ ወሬዋን ሲሰማ «ይህቺማ የእኛዋ ናት» ይላል፤ ከፀሐይ መግቢያ የመጣውም ያንኑ ይላል። ሁለቱ እንዳይጣሉ ስሟን ትተን ወደ ነገሯ እንግባ።

አገሪቱ ሦስት አውራጃዎች ነበሯት፤ ላይ አፋፍ፣ ታች ሸለቆና ማዶ ሜዳ። በየአውራጃው አንድ እናት መዝገብ ይቀመጣል። ልጅ ሲወለድ፣ ጎጆ ሲወጣ፣ ሰው ሲሞት፣ ላም እንኳ መንታ ስትወልድ አንድ መስመር ይጻፋል፤ ለመስመሩም ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። ሰውም እንደዚያው በየአውራጃው ከአንድ ጀምሮ ይቆጠራል። በስም መጠራራት የጎረቤት ወግ እንጂ የመንግሥት ወግ አይደለም ተብሎ ስለተደነገገ፣ ሹማምንቱ ሰውን የሚያውቁት በቁጥሩ ብቻ ነበር።

አንድ ክረምት የማዶ ሜዳን እናት መዝገብ ጎርፍ ወሰደው። የማዶ ሜዳ ሰው መወለዱን ማስረዳት አቅቶት ዓመት ሙሉ ተንከራተተ፤ ሙሽሮች «ገና ሳትወለዱ ምን አቻኮላችሁ» እየተባሉ ከዳኛ ፊት ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ሊቃውንቱ መከሩና በዋናው ከተማ ግልባጭ ቤት አሠሩ። የሦስቱም አውራጃ መስመሮች በየቀኑ በአድራሾች እየመጡ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ እንዲገለበጡ ሆነ። አንዱ እናት መዝገብ ቢጠፋ ግልባጩ አለ ማለት ነው። አሳቡ ደግ ነበር፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ግፍ ይሆናል።

ችግሩ ያለው በሩ ላይ ነው። ግልባጭ ቤት አንድ በር ብቻ ነበረው፤ ያም በር «ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ስድስተኛው በር» ይባላል። የቀሩት ሦስት ሺህ ሦስት መቶ አምስት በሮች የት እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያው ንጉሥ ቤቱን ሲመርቁ ያን ቁጥር ጠሩ፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ደፋር አልተገኘም፤ በዚያው ጸና። አድራሽ ከየትም ይምጣ ከየት በዚያ በር ፊት ቆሞ የያዘውን መስመር ቁጥር ጮክ ብሎ ይናገራል። በረኛው ያን ቁጥር ገና ካልሰማ «ይግባ» ይላል፤ ቀድሞ ሰምቶት ከሆነ «ደርሶናል» ብሎ ይመልሰዋል። ሦስቱም አውራጃዎች ከአንድ ጀምረው እንደሚቆጥሩ፣ አንድ ቁጥርም ሦስት ጊዜ እንደሚመጣ ልብ ያለ አልነበረም። ልብ ያለም ቢኖር ዝም ብሏል።

የላይ አፋፉ አድራሽ ቁልቁለት ስለሚወርድ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሳል። የታች ሸለቆው ዋሴ ደግሞ ዳገቱን ግማሽ ቀን ሲወጣ ውሎ ላቡን እየጠረገ ሲደርስ የሚሰማው «ደርሶናል» የሚለውን ነው። አልፎ አልፎ የላይ አፋፉ ሰውዬ ሲታመም የታች ሸለቆ መስመር ይገባል፤ ሲድን ደግሞ ይቀራል። መጽሐፉ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የያዘ ሆነ። ያም ሆኖ ሕጉ ግልጽ ነበር፤ ግልባጩ ያለው ሆነ። እናት መዝገቦቹ ሩቅ ናቸው፤ የዳኞች እግር ደግሞ መንገድ አይወድም።

በዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለች አስካለ የምትባል ጸሐፊ ነበረች። ብዙ የማትናገር፣ ስትጽፍ ከንፈሯን የምትነክስ፣ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንዲት ፊደል ያልፋቀች ሴት ናት። ይህንንም ለማንም ሳታወራ በልቧ ትኮራበት ነበር። አንድ ቀን የላይ አፋፉ አድራሽ «ሁለት መቶ አስራ ሰባት፤ ሞት» የሚል መስመር አመጣ። መስመር አጭር ነው፤ ወንድ ነው ሴት ናት አይልም። አስካለ የሁለት መቶ አስራ ሰባትን ገጽ ገልጣ ሞቱን ጻፈች፤ እንደ ወጉም ከገጹ ግርጌ ጥቁር መስመር አሰመረች። የሞተው የላይ አፋፍ ንብ አርቢ ነበር። ገጹ ላይ የነበረችው ግን በአውራጃዋ ሁለት መቶ አስራ ሰባተኛ የሆነችው የታች ሸለቆዋ የውብዳር ናት። አስካለ ቀለሙን አድርቃ ወደሚቀጥለው አለፈች።

ሦስት ወር ካለፈ በኋላ አንድ ሽማግሌ መጥቶ ከበሩ ትይዩ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የሚወጣውን የሚገባውን ሁሉ «ሞት የሚጽፈው ማነው?» እያለ ይጠይቃል። በመጨረሻ አስካለን አሳዩት። ተነሥቶ አደገደገና ሽባባው እንደሚባል፣ ከታች ሸለቆ እንደመጣ ነገራት።

«እመቤቴ፣ ልከስዎ አልመጣሁም» አላት። «ሚስቴ አልሞተችም። ይህን ስንቅ የቋጠረችልኝ እሷ ናት። ሞተች ብለው የጻፉት እርስዎ ከሆኑ፣ እንዳልሞተች ይጻፉልኝ ብዬ ነው።»

አስካለ አስቀምጣ አስወራችው። በዚያች አገር ግልባጩ ሞተ ያለውን ሰው ሰላም ማለት ክልክል ነው፤ ያነጋገረውም ከሟች ይቆጠራል። የጉድጓድ ውኃ ጠባቂው ለየውብዳር መቅጃ ከለከላት። ጎረቤቶቿ ሊያጽናኑ መጡና ሽባባውን የሐዘንተኛ በርጩማ ላይ አስቀመጡት፤ የሠራችውን ወጥ በሉ፤ ወጡ ከየት እንደመጣ አንዳቸውም አልጠየቁም። አንዷማ «ነፍሷን ይማረው፣ እጇ እንዴት ይጣፍጥ ነበር» ብላ ሳህኗን ለራሷ ለየውብዳር አቀበለቻት። ሽባባው ሚስቱን ማናገር ስለማይችል ለቤቱ ምሰሶ ማውራት ጀመረ። «ምሰሶዬ፣ ዛሬ ብርድ ነው፤ ጋቢ ደርቢ» ይላል። እሷም መልሷን እንጉርጉሮ አስመስላ ታንጎራጉራለች። አርባ ስድስት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ለጊዜው በዚህም ተግባቡ።

ነገር ግን መንፈቅ አለ። በመንፈቁ ቀን ሟች ከቤቱ ካልወጣ ሸኚዎች ከበሮ እየመቱ ይመጡና ከድንበሩ ወንዝ ማዶ ያደርሱታል። ከዚያ የተመለሰ የለም። ለየውብዳር የቀራት ሦስት ወር ነበር።

አስካለ የዚያን ቀን ምሳ አልበላችም። ዋሴን ጠብቃ ብትጠይቀው፣ «ሁለት መቶ አስራ ሰባት፤ በሕይወት አለች» የሚለውን መስመር ሰባት ጊዜ አምጥቶ ሰባት ጊዜ «ደርሶናል» ተብሎ መመለሱን ነገራት። መጽሐፉን ገልጣ የገዛ ጽሕፈቷን አየች። ጥርት ያለ፣ የሚያምር ጽሕፈት ነው። አፈረችበት።

ሰው «ለምን ፍቃ አታርመውም?» ይል ይሆናል። ብትፍቀውም በማግስቱ የንብ አርቢው ቀፎ ለወራሾች እንዲከፈል የሚል መስመር ይመጣና የየውብዳርን ዕቃ ያስበትናል፤ የተዝካሩ መስመር ይመጣና እንደገና ይገድላታል። ሁለት ሰው በአንድ ገጽ እስከተጻፈ ድረስ አንዱ የሌላውን ሞት መሞቱ አይቀርም። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ለእያንዳንዱ አውራጃ የራሱ በር፣ ከበሩም ኋላ የራሱ መጽሐፍ።

ይህን ይዛ ወደ ቤቱ አለቃ ወደ ሊቀ በር ቸርነት ገባች። ሊቀ በር ቸርነት ቁልፍ በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ በሩ መዝጊያ እንጂ ቁልፍ ኖሮት አያውቅም። ነገሩን አዳመጧትና ግልባጭ እንደማይሳሳት አስረዷት። ሴትዮዋ በሕይወት ካለች የተሳሳተችው እሷ ናት አሏት። አስካለ ግን ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደጅ ጠናች። ከዚያ በፊት ደጅ ጠንታ ስለማታውቅ ሊቀ በሩ ግራ ገባቸውና ምክር ጠሩ።

ምክሩ ሃያ ስድስት ቀን ፈጀ፤ ከነዚህ አስራ አንዱ ማን የት ይቀመጥ በሚለው አለቀ። አንዱ ሹም፣ ላይ አፋፍ በሩን አንዴ፣ ታች ሸለቆ ሁለቴ፣ ማዶ ሜዳ ሦስቴ ያንኳኳ አለ፤ በረኛው ጆሮው ስለከበደ ጩኸት እንጂ ማንኳኳት እንደማይሰማ ሲነገረው ተቀመጠ። ሌላው አድራሾቹ ቀን ተከፋፍለው ይምጡ አለ፤ ሞትና ልደት ቀን እንደማይጠብቁ ተነገረው። ሦስተኛው በአንዱ በር ላይ ሦስት መጋረጃ ይሰቀል አለ፤ ይህ እጅግ ተወደደ፤ ተጨበጨበም። አስካለ ግን ከሦስቱ መጋረጃ ኋላ ያለው መጽሐፍ ያው አንዱ ከሆነ ምን ተደረገ ብላ ጠየቀች። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሹም ተነሥተው በር ማብዛት አገር መቁረስ ነው፣ ይህን የሚል ሰው የቤቱን አንድነት አይወድም አሉ። ሁሉም ወደ አስካለ ዞሩ።

«ቤቱ አንድ ነው ጌታዬ» አለች። «ሰዎቹ ናቸው አንድ ሰው ያልሆኑት።»

እውነቱን ለመናገር ምክሩን ያስጨረሰው ይህ ንግግር አይደለም። አስካለ ሲወጡ ጠብቃ ሊቀ በሩን ለብቻቸው አነጋገረቻቸው። የላይ አፋፍ ተወላጅ መሆናቸውን፣ ቁጥራቸውም ሠላሳ አንድ መሆኑን ጠየቀቻቸው። አዎ አሉ፤ ዝቅተኛ ቁጥር መኩሪያ ነበርና ፈገግ አሉ። እሷም ዋሴ እንደነገረኝ የታች ሸለቆው ሠላሳ አንደኛ የዘጠና ዓመት አዛውንት ናቸው፣ እህል ከተዉ አራት ቀናቸው ነው አለቻቸው። ሊቀ በር ቸርነት ለረጅም ጊዜ ቁልፋቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱ በሮች ተፈቀዱ።

ቁጥር መምረጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ላይ አፋፍ በነበረበት በሦስት ሺህ ሦስት መቶ ስድስተኛው ጸና። የሚቀጥለው ሰባተኛው ነው፤ የበሮች መዝገብ ሲታይ ግን ሰባተኛው ቁጥር የቤተ መንግሥቱ ድመት ለምትገባበት ቀዳዳ ተሰጥቷል። ድመቷ በአዋጅ የተሾመች ናት፤ ልትነሣ አትችልም። በአንድ ቁጥር ሁለት ገቢ ካለ ደግሞ ያው የድሮው ውዝግብ ነው። ስለዚህ ማንም ያልያዘው ስምንተኛው ለታች ሸለቆ፣ ዘጠነኛው ለማዶ ሜዳ ተሰጠ። ሹማምንቱ ሃያ ስድስት ቀን የተከራከሩበትን ግድግዳ አናጢው በአንድ ጧት ከፈተው።

ለመንፈቁ ሠላሳ አራት ቀን ቀረ። አስካለ በአዲሱ በር ኋላ አዲስ መጽሐፍ ዘርግታ፣ ብዕሯን ቀርጻ ዋሴን ትጠብቅ ጀመር። ዋሴ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። እነዚህ ሰዎች ለራሳቸው ነገር እንዴት እንዲህ ይለግማሉ ብላ ተናደደች። በሦስተኛው ቀን አላስችል ብሏት እስከ ከተማው ቅጥር ድረስ ብትሄድ ዋሴ ከቅጥሩ ውጭ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። የቅጥሩ ዘበኞች መንገደኛውን ሁሉ የሚሄድበትን በር ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ከሰሌዳቸው ላይ ያልተጻፈ ቁጥር የጠራ አይገባም። ዋሴ ሦስት ቀን ሙሉ «ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ስምንት» ሲል፣ ዘበኛው ሦስት ቀን ሙሉ «እንዲህ ያለ በር የለም» ሲለው ነበር። በሩ ተከፈተ እንጂ ለዘበኛ የነገረ የለም። መንገር የነበረባት እሷ ናት፤ ረስታዋለች። ቁጥሩን በራሷ እጅ ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ከጭነቱ ገሚሱን ተሸክማ ገባች።

አሁን ሠላሳ አንድ ቀን ቀራት። አዲስ መጽሐፍ ከመካከል አይጀመርም፤ የታች ሸለቆ መስመሮች ከአንድ ጀምረው እስከ ዛሬው ዘጠኝ ሺህ አርባኛ ድረስ አንድ በአንድ መገልበጥ አለባቸው። አንድ መስመር ከተዘለለ በሩ ቀጣዩን አይቀበልም። አዲሱ መጽሐፍ ዛሬ ላይ እስኪደርስም የሚሠራው አሮጌው ግልባጭ ነው። በቀን ሦስት መቶ መስመር ብትጽፍ በሠላሳ ቀንና በጥቂት ሰዓት ትጨርሳለች። ከዚያ የሚተርፋት አንድ ቀን እንኳ አይሞላም።

ገጹ ያከራከረ ሰው ደግሞ ግልባጩ ሲጻፍ ተቀምጦ፣ ስለ እሱ የሚነገረውን መስመር ሁሉ «ነው» ብሎ ማጽናት አለበት። ስለዚህ የውብዳርና ሽባባው ወደ ከተማው መጡ። ቅጥሩ ላይ ዘበኛው ሽባባውን ቁጥሩን፣ አገሩን፣ ጉዳዩን ሲያስለፈልፈው የውብዳር ዝም ብላ አለፈች፤ ሟችን የሚጠይቅ ሕግ አልነበረም። ሴትዮዋ ቀጠን ያለች፣ ዓይኗ የሚስቅ፣ ሰው ባያያትም ነጠላዋን የምታስተካክል ናት። አስካለ በግቢዋ ካለችው አነስተኛ ክፍል አሳረፈቻቸው። ጸሐፊ ስለ መስመር ከሆነ ከሟችም ጋር መነጋገር ይፈቀድላት ነበርና፣ የመጀመሪያዋን ቀን አንድ ነገር ልበላት ብላ ብዙ አሰበች። በመጨረሻ «ያን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለቻት።

የውብዳር አየቻትና «ጽሕፈትሽ ያምራል አሉ» አለቻት። አስካለም አንገቷን ደፍታ መጻፍ ጀመረች።

በየጧቱ ዋሴና ጓደኞቹ የቀኑን መስመሮች ያደርሳሉ፤ አስካለ እያነበበች ትጽፋለች። የታች ሸለቆ መዝጋቢዎች ወሬ የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። ማን ከማን ጥጃ እንደተዋሰ፣ የማን አጥር በንፋስ እንደወደቀ ሁሉ ጽፈዋል። አስካለ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ቤት ስትሠራ ይህን አውራጃ አታውቀውም ኖሯል። አሁን እየጻፈች ትስቅ ጀመር። «ሁለት መቶ አስራ ሰባት፤ ልደት» ሲባል የውብዳር «ነው» አለች። «መቶ ዘጠናና ሁለት መቶ አስራ ሰባት፤ ጋብቻ» ሲባል ሁለት «ነው» በአንድ ጊዜ ተሰማ። የሽባባው ነው አይፈለግም ነበር፤ ቢሆንም የመለሰው ለመስመሩ እንጂ ለሚስቱ አልነበረምና ሕግ አልጣሰም።

በአስራ አንደኛው ቀን «ስድስት መቶ አርባ፤ ልደት፤ ከሁለት መቶ አስራ ሰባት» የሚል መጣ። የውብዳር «ነው» አለችና ከዚያ ከወግ ውጭ «እናኑ ነበር ስሟ» ብላ ጨመረች። ከዚያ በኋላ በነበሩት መስመሮች መካከል ስድስት መቶ አርባ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረች። ስድስት መቶ አርባ ጥርስ አበቀለች። ስድስት መቶ አርባ ከሾላ ዛፍ ወደቀች፣ አልተጎዳችም። ስድስት መቶ አርባ የጎረቤት ጫጩት ሰርቃ በቀሚሷ ደብቃ ተያዘች። ይህኛው ሲነበብ ሽባባው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከእነዚህ መስመሮች አንዱም በአሮጌው ግልባጭ ውስጥ አልነበረም፤ ሁሉም በየጊዜው «ደርሶናል» ተብለው የተመለሱ ናቸው። አስካለ ያቺን ልጅ ወደደቻት። ማታ ማታ ቤቷ ስትገባ ነገ ምን ታደርግ ይሆን እያለች ታስብ ነበር።

በአስራ አራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን የዕለቱ መስመር አልቆ አስካለ ብዕሯን ስትጠርግ የውብዳር ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

«ልጄ፣ ነገ የሚመጣውን አውቀዋለሁ» አለቻት። «እሱን መስመር ዝለይልኝ።»

አስካለ ወዲያው ገባት። በዚህ ሁሉ ቀን ስትስቅ እናኑ አሁን የት እንዳለች አንድም ጊዜ አለመጠየቋ ገረማት። ድምፅዋን አስተካክላ፣ ከተዘለለ በሩ ቀጣዩን እንደማይቀበል፣ መጽሐፉም እዚያው እንደሚቆም፣ የውብዳርም በአሮጌው ግልባጭ እንደሞተች በመንፈቋ እንደምትሸኝ ነገረቻት። የውብዳር ይህን ሁሉ ቀድማ ያሰበችው ትመስላለች። ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያው አንድ ቀን ብቻ አቁሚው። አርባ ዓመት ሆነኝ። ግልባጩ ያለው ሆነ አይደል የሚባለው? ከዚህ መጽሐፍ ውስጥ ዛሬ ልጄ በሕይወት አለች። ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ትቆይልኝ።»

ሽባባው አጠገቧ ተቀምጧል፤ መሬት መሬት ያያል፤ መናገር አይችልም። አስካለ ቀኖቹን በልቧ ቆጠረች። አንድ ቀን ከቆመች ከእንግዲህ ራስ ምታት እንኳ ሊያማት አይችልም፤ በየቀኑ ከሦስት መቶ በላይ መጻፍ ይኖርባታል፤ አንድ ጧት ዝናብ ዋሴን ቢያስቀረው ሴትዮዋ ትሸኛለች። እንቢ ማለት ነበረባት። የአንዲት ጸሐፊ ሥራ ይህን ማለት ነው።

«ለነገ የሚሆን ቀለም የለኝም» አለች። «ስበጠብጥ እውላለሁ።»

በማግስቱ ሊቀ በር ቸርነት ስምንተኛው በር ለምን ዝም እንዳለ ሰው ልከው አስጠየቁ። የታች ሸለቆው አዛውንት እህል ቀምሰው ስለነበር ጥድፊያቸው ቀንሶ ነበር፤ ቀለም ጠፍቶ ነው ሲባሉ ተዉት። አስካለም ውሸት እንዳይሆንባት እውነትም ከግቢዋ ተቀምጣ ቀለም ስትበጠብጥ ዋለች። ሽባባው ገና በጧት ወደ ጓሮ ሄዶ እዚያው ቀረ። የውብዳር ክፍሏን ጠረገች። ሁለት ሰው በሚበላበት መሶብ ላይ ሦስተኛ ቁራሽ አኖረች። የሠፈሩ ልጆች በአጥሩ ሥር ሲሯሯጡ ቆማ አየቻቸው፤ የአንዷን ቁመት በእጇ ለካች። አመሻሹ ላይ፣ እናቶች ልጆቻቸውን በሚያስገቡበት ሰዓት፣ ከደጃፉ ወጥታ «እናኑ፣ ነይ ግቢ» ብላ ተጣራች። አልጮኸችም፤ የምትሰማ ልጅ እንደሚጠሩ ጠራቻት። አስካለ ቀለሙን ትታ ወደ ቤት ገባችና አለቀሰች።

በማግስቱ ጧት ዋሴ መስመሮቹን አስገባ። አስካለ «ስድስት መቶ አርባ፤ ሞት» ብላ አነበበች። የውብዳር ነጠላዋን አስተካከለች። ማንም አላቻኮላትም። ከዚያ የውብዳር «ነው» አለች፤ አስካለም ጻፈች። ከገጹ ግርጌ ጥቁሩን መስመር ስታሰምር ጠመም አለባት። አላቃናችውም።

ከዚያ ወዲያ የነበሩት ቀናት የሥራ ቀናት ናቸው። የአስካለ ጣቶች አበጡ፤ የውብዳር በሞቀ ጨርቅ ትጠቀልልላታለች። ይህም ስለ መስመር ነው ተባብለው ነበር። ዝናቡ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ዋሴ ሁለቱንም ጊዜ መስመሮቹን በቆዳ ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደረሰ። በመንፈቁ ቀን ከሰዓት በኋላ ሠላሳ መስመር ሲቀር ሸኚዎቹ ከቅጥሩ ውስጥ ገብተው ነበር፤ ከበሯቸው ከታችኛው መንገድ ይሰማል። አስካለ ቀና ሳትል ጻፈች። ከበሮው ግልባጭ ቤት ደጃፍ ሲደርስ የመጨረሻውን አነበበች፤ «ሁለት መቶ አስራ ሰባት፤ በሕይወት አለች።»

«ነው» አለች የውብዳር።

አስካለ ወጥታ ገጹን ለሸኚዎቹ አሳየቻቸው። አለቃቸው መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ሁለት ጊዜ አነበበና፣ ከበሮውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ለየውብዳር ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ሄዱ።

ሦስቱ ብቻቸውን ቀሩ። አስካለ ዕቃዋን የምትሰበስብ መስላ ዞር አለች፤ ስድስት ወር ለምሰሶ ሲያወራ የከረመ ሰው አሁን ብዙ የሚለው ይኖረዋል ብላ ነው። ሽባባው ግን የሚስቱን እጅ ይዞ መዳፏን ሲያገላብጥ ቆየ።

«ያን ቀን ስትጠሪያት ሰማሁሽ» አላት በመጨረሻ።

«ጓሮ አልነበርክ?»

«ጓሮ ነበርኩ። እኔም እዚያ ሆኜ ስጠራት ነው የዋልኩት፤ ቀስ ብዬ፣ ሰው እንዳይሰማኝ።»

የውብዳር አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችውና «ከአንተ ዘንድ ነበረቻ» አለችው።

«እስከ ማታ ነበረች» አለ ሽባባው። «አንቺ ስትጣሪ ጊዜ፣ እናትሽ እየጠራችሽ ነው፣ ሂጂ አልኳት።»